ከ200 ተማሪ በታች የሆነ የገጠር ትምህርት ቤት በጀት፦ ጣሪያው፣ ድጎማው፣ የውስጥ ገቢው

ቆላ_ዓባይ
ሰላም ለመድረኩ። የበጀት ዝግጅት ወቅት ስለደረሰ በጎጃም ገጠር ቀበሌዎች ስላሉ ትናንሽ ት/ቤቶች አንድ ክር ብንከፍት ብዬ ነው። ሁላችንም ስለ አንድ ነገር እንድናወራ ምሳሌ ላስቀምጥ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር፣ በየክፍሉ አንድ ሴክሽን ያለው፣ በሴክሽን 30 ተማሪ፣ ጠቅላላ 180። ወረዳ ከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ክረምት መኪና አይገባም። ከሸበል በረንታ እስከ ሰከላ እንዲህ ያለ ት/ቤት ሞልቷል።

ለት/ቤቱ የሚሰጠው ድጎማ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ወጪው ግን በተማሪ ቁጥር አይደለም የሚወጣው። 30 ተማሪ ያለው ክፍልም 60 ያለውም አንድ መምህር፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ጣሪያ ነው የሚፈልገው። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ከወረዳው የበጀት ጣሪያ (ከተፈቀደለት ከፍተኛ መጠን) ውስጥ ለትንሽ ት/ቤት የሚተርፍ ነገር እንዴት ይገኛል? በድጎማው ምን ይሸፈናል? የውስጥ ገቢ ሲኖርስ ኦዲት እንዳይዘው እንዴት ይያዛል?

ፑል_ቤት
ከጣሪያው ልጀምር፤ ብዙ ርዕሰ መምህር የተሳሳተ በር የሚያንኳኳው እዚህ ላይ ነው።

ከክልል ለወረዳ የሚመጣው ጥቅል ድጎማ "ይህ ለትምህርት ነው" ተብሎ ተለይቶ አይመጣም። በ1994 የበጀት ሥልጣን ወደ ወረዳ ከወረደ ወዲህ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና የሚያካፍለው ወረዳው ራሱ ነው። በወረቀት እንዲህ ነው፤ በተግባር ግን ወረዳው የሚመርጠው ብዙ ነገር የለውም። መጀመሪያ የሚሠራው የደመወዝ ስሌት ነው፤ ሥራ ማስኬጃ የሚባለው ከደመወዝ የተረፈው ነው። ትምህርት ደግሞ የወረዳውን ብዙ ሠራተኛ የያዘ ጽ/ቤት ስለሆነ የሚተርፈው ቀጭን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ መምህር የወር ደመወዝ በ12 ተባዝቶ በ6111 (የደመወዝ የሒሳብ መደብ) ይያዛል፤ የዚያው 11 በመቶ የመንግሥት የጡረታ መዋጮ ሆኖ በ6131 ይያዛል። 7 በመቶው ከሠራተኛው የሚቆረጥ ስለሆነ በጀት አይጠየቅበትም፤ አንዳንዱ 18 በመቶ ደምሮ ያመጣና ይመለስበታል። የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው፦ በዓመቱ አጋማሽ የደረጃ ዕድገት የሚያገኙ መምህራን በአሮጌው ደመወዝ ተይዘው ይቀራሉ። ጥር ላይ ልዩነቱ ሲመጣ ገንዘቡ ከየት ይነሣል? ከ6215፣ ማለትም ከትምህርት ዕቃ። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ የደረጃ ዕድገት የሚጠብቁትን ስም ዝርዝር ከነወሩ አያይዞ ቢልክ የሚያድነው የራሱን ጠመኔ ነው።

አብዛኛው የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት የራሱ የበጀት መደብ የለውም፤ ድርሻው በትምህርት ጽ/ቤቱ ውስጥ ነው። 6212 የጽሕፈት መሣሪያ፣ 6215 የትምህርት ዕቃ፣ 6244 የሕንፃ ጥገና። ጥያቄህን በእነዚህ ከፋፍለህ ከየካቲት እስከ መጋቢት ካላስገባህ፣ ሰኔ ላይ የሚመጣ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ነው የሚያድረው።

ጉድኝት_ሱፐር
ፑል ቤት ያልከው ትክክል ነው፤ እኔ የጠመኔና የፈተና ወረቀቱን ስሌት ላምጣ፤ "ጠመኔ ያንሰናል" የሚል ደብዳቤ ማንም አያነበውም።

ጠመኔ፦ 6 ሴክሽን፣ በቀን 6 ክፍለ ጊዜ፣ በክፍለ ጊዜ አንድ ፍሬ ብንይዝ በቀን 36 ፍሬ። በ200 የትምህርት ቀን 7,200 ፍሬ። መቶ ፍሬ በሚይዘው ካርቶን 72 ካርቶን። ከዚህ ላይ ለስብራት አሥር በመቶ ጨምሩ፤ በአህያ ተጭኖ የሚሄድ ጠመኔ ሳይሰበር አይደርስም፤ እርጥበት ከነካው ደግሞ ሰሌዳው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጽፍም። ማዳበሪያ በገባበት መጋዘን እንዳታስቀምጡት።

ፈተና፦ ትንሹን ት/ቤት የሚጎዳው ዋናው ይህ ነው። 6 ክፍል፣ በአማካይ 7 ትምህርት፣ በፈተና 3 ገጽ። ይህ በአንድ መንፈቀ ዓመት 126 ገጽ፣ በዓመት 252 ገጽ ማስተር (ማባዣው ኮፒ የሚያወጣበት ዋና ገጽ) ነው። ማስተሩ 30 ኮፒም ይውጣበት 300 ዋጋው ያው ነው። ወረቀቱን ስናሰላ 252 ገጽ በ30 ተማሪ 7,560 ገጽ፤ በአንድ ፊት ከታተመ ከ15 ደስጣ (ደስጣው 500 ቅጠል) በላይ፣ በሁለት ፊት ከታተመ፣ ባለ 3 ገጹ ፈተና 2 ቅጠል ስለሚፈልግ፣ 10 ደስጣ ግድም። እንግዲህ ወረቀቱን በሁለት ፊት በማተም ይቆጥቡታል፤ ማስተሩን ግን ብቻውን የሚያትም ት/ቤት ምንም ሊያደርገው አይችልም።

መፍትሔው ጉድኝቱ፣ ማለትም የአጎራባች ት/ቤቶች ስብስቡ ነው። በአንድ ጉድኝት አምስት ት/ቤት ቢኖር ፈተናው አንድ ሆኖ በማዕከሉ ማባዣ ቢታተም የእያንዳንዱ የማስተር ወጪ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ወጪው በተማሪ ቁጥር ሳይሆን በሴክሽን ይከፈል ብላችሁ አትስማሙ፤ በኮፒ ብዛት ይሁን። በሴክሽን ከሆነ ትንሹ ት/ቤት የትልቁን ወረቀት ይከፍላል።

ጮቄ_ርመ
እህቴ፣ ስሌትሽ ላይ ነቀፋ የለኝም። ግን የጋራ ፈተና ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ደጋው ላይ ያለ ት/ቤት በሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ብርድ ምክንያት ምዝገባው ይዘገያል፤ ከመስከረም አጋማሽ በፊት ክፍሉ አይሞላም፤ ቆላ ያለው ደግሞ በአዝመራ ወቅት ተማሪው ይቀንሳል። ምዕራፉ እኩል አይሄድም። ሁለተኛ፣ አንዱ ት/ቤት ሰኞ ፈትኖ ሌላው ረቡዕ ከፈተነ ጥያቄው ገበያ ላይ ይውላል።

ጉድኝት_ሱፐር
ሁለቱም እውነት ናቸው። ለመጀመሪያው፣ የጋራ የሚሆነው ማጠቃለያ ፈተናው ብቻ ነው፤ የወር ፈተናውን መምህሩ በሰሌዳ ይጻፈው። እስከ የትኛው ምዕራፍ እንደሚፈተን ከስድስት ሳምንት በፊት በጉድኝት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፤ ወደ ኋላ የቀረው ያን ምዕራፍ ያጠናክር። ለሁለተኛው፣ ፖስታው በትምህርት ዓይነት ታሽጎ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይከፈት። የገበያ ቀን ላይ ፈተና አታውጡ፤ ቅዳሜ ገበያ ባለበት ዓርብ የሚጨርስ መርሐ ግብር ይሻላል።

ቆላ_ዓባይ
ድጎማው ላይ አልተነጋገርንም። የነፍስ ወከፉ መጠን በየዓመቱ በሚወጣው ሰርኩላር ስለሚለያይ ለምሳሌ ያህል ብቻ 70 ብር ነው እንበል። 180 በ70፣ 12,600 ብር። ይህ በአራቱ የት/ቤት መሻሻል ዘርፎች ተከፋፍሎ ይታቀዳል፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ጠመኔውንና ፈተናውን ብቻ ከዚህ ብታወጣ ለጥገና የሚተርፍ አይታየኝም። አንዳንዱ ታዲያ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይሞላል…

ፑል_ቤት
እሱን አትጀምሩት። የሚያስከትለውን በቁጥር እዩት። የዓመቱ የትምህርት መረጃ ቅጽ ላይ 180 የነበረው 210 ተብሎ ተሞላ እንበል። በምሳሌው መጠን 2,100 ብር ይጨምራል። በሚቀጥለው ዓመት ግን እነዚያ 30 ተማሪዎች በክፍል አይገኙም፤ ስለዚህ ያቋረጡ ተብለው ይቆጠራሉ። የት/ቤቱ መጠነ ማቋረጥ ከወረዳው ሁሉ የከፋ ሆኖ ይወጣል፤ የ30 ልጅ መጽሐፍ ተረክበሃል፣ ንብረቱ በስምህ ነው፤ ኢንስፔክሽን ሲመጣ የክፍል ስም መጥሪያውና ቅጹ አይገጥሙም። በ2,100 ብር ምክንያት።

ሕጋዊ ሆኖ ሳይቆጠር የሚቀር ቁጥር ግን አለ፤ እሱን ፈልጉ። ቅጹ ከተሞላ በኋላ ዘግይተው የሚመዘገቡ፣ የ"ኦ" ክፍል (የቅድመ መደበኛ) ሕፃናት፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች። የመጨረሻዎቹ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ውስጥ ተቆጥረው በተለየው ረድፍ ላይ ሳይጻፉ ይቀራሉ። ድጎማው ብዙውን ጊዜ ባለፈው ዓመት መረጃ ስለሚሰላ ዛሬ ያልተጻፈ ልጅ የሚያጎድለው የሚመጣውን ዓመት ነው። በፀጥታ ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ በከረመበት ቀበሌ ይህ ይበልጥ ያሳስባል፤ ተማሪው ሲመለስ ገንዘቡ ባልነበረበት ዓመት ልክ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ቅጹን ብቻ አትላኩ፤ የተመለሱትን በክፍልና በጾታ ዘርዝራችሁ በቦርዱ ማኅተም ለወረዳው አስገቡ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ድጎማው ለደመወዝ አይውልም። የጥበቃ ደመወዝ ከዚህ መክፈል የተለመደ የኦዲት ግኝት ነው።

ዳሞቴ_ወመህ
እኔ ከወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ወገን ነኝ። ጥያቄዬ ስለ ባሕር ዛፉ ነው። ጎጃም ውስጥ ግቢው ወይም ዳርቻው ላይ ባሕር ዛፍ የሌለው ት/ቤት ጥቂት ነው። ሽያጩ ሲደረግ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ አለው፤ ዋጋው አነሰ፣ ለዘመድ ተሸጠ፣ ገንዘቡ የት ገባ። ሥርዓቱን የሚያውቅ ቢያስረዳን።

ጡረተኛ_ኦዲተር
ወንድሜ ዳሞቴ፣ ጭቅጭቁ የሚነሣው ሽያጩ የሚጀመረው ከገዢው ስለሆነ ነው። አንድ ነጋዴ መጥቶ "ይሄን ስንት ትሉታላችሁ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለእሱ ዋጋ ማጸደቂያ ይሆናል። መጀመር ያለበት ከቆጠራ ነው።

የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርዱና ወመህ በጋራ ተሰብስበው ለምን እንደሚሸጥ፣ ገቢው ምን ላይ እንደሚውል ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። "ለልማት" ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ "ለ3ኛና 4ኛ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ቅየራ" ይበል። ከዚያ ዛፉ ይቆጠራል፤ ሲቆጠር በጠቅላላ አይደለም፣ ለማገር የሚሆን፣ ለአጣና የሚሆን፣ ለወራጅ የሚሆን፣ ለቋሚ የሚሆን ተለይቶ ነው። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ስለሚራራቅ "400 ዛፍ" የሚል ቆጠራ ዋጋ ለማውጣት አይረዳም። የተቆጠረው ሁሉ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ምልክት የሌለው ዛፍ ከተቆረጠ ገዢው ይጠየቅበታል። ከወረዳ ግብርና ጽ/ቤት ባለሙያ አስመጥታችሁ ግምት አስወጡ፤ የግምቱ ወረቀት መነሻ ዋጋችሁ ነው።

ማስታወቂያው በቀበሌው፣ በገበያውና በወረዳው ሰሌዳ ይለጠፍ። የጨረታ ፖስታ ታሽጎ ይግባ፤ ተጫራቾች ባሉበት ይከፈት። ማስያዣ ይኑረው፤ የሌለው ጨረታ ቀልድ ነው፤ ተሸናፊ የተባለው ወደ ኋላ ተመልሶ ከአሸናፊው ጋር ዋጋ ይደራደራል። ገዢው ሙሉውን ገንዘብ በት/ቤቱ ሒሳብ ቁጥር ባንክ አስገብቶ ስሊፑን ሳያመጣ አንድም ዛፍ አይቆረጥ። ስሊፑ ላይ ተመሥርቶ ሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ርዕሰ መምህሩ እጅ የገባ ብር፣ በማግስቱ ባንክ ቢገባ እንኳ፣ ግኝት ነው።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር አይቀር፦ ቆርጦ የሚያነሣበት የመጨረሻ ቀን፣ እና አቆራረጡ። ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተትቶ፣ ውኃ እንዳያቁር ዘንበል ብሎ፣ ልጡ ሳይገሸለጥ መቆረጥ አለበት። በመጥረቢያ ተጨፍጭፎ ልጡ የተላጠ ጉቶ አያቆጠቁጥም። ያቆጠቆጠውን በዓመቱ ከሁለት እስከ ሦስት ቡቃያ አስቀርታችሁ ሌላውን አንሡት፤ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ለሚቀጥለው ሽያጭ ይደርሳል። ሁሉንም በአንድ ዓመት ከመሸጥ ግቢውን በሰባት ከፍላችሁ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብትሸጡ ገቢው አይቋረጥም፤ ሌላው ጥቅሙ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ሲገባ ከሚመጣው ዓይን መዳን ነው።

አገው_ምድር
ጋሼ ኦዲተር ያሉት ሁሉ ለዲከረንስም (ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት) ይሠራል፤ በፋግታ ለኮማ በኩል ከባሕር ዛፍ ይልቅ እሱ ነው ያለው። ልዩነቱ ዲከረንስ ከጉቶ አለማቆጥቆጡ ነው። ስለዚህ ከሽያጩ የችግኝና የተከላ ወጪ አስቀድሞ ይነሣ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዙር የሚሸጥ ነገር አይኖርም። ከሰሉን ት/ቤቱ ራሱ ላክስል ካለ ደግሞ ሒሳቡ ይወሳሰባል፤ በቁሙ መሸጥ ይሻላል።

ጮቄ_ርመ
ሣሩስ? መሬቱስ?

ጡረተኛ_ኦዲተር
ያው ነው፤ በየዓመቱ በጨረታ፣ ገንዘቡ በባንክ። የእርሻ መሬቱን በእኩል ማረስ ግን አልመክርም። እህል ሲደርስ ማን ወቃ፣ ማን ሰፈረ፣ ስንት ማዳበሪያ ገባ የሚለው በሰነድ አይያዝም፤ የተሰፈረው እህል ራሱ ንብረት ስለሆነ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ተደርጎ ሲሸጥ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ሰነድ) መውጣት ነበረበት፤ ይህን ያደረገ ት/ቤት ማግኘት ይከብዳል። በጥሬ ገንዘብ ኪራይ ሰጥታችሁ አስቀድማችሁ ተቀበሉ።

ዳሞቴ_ወመህ
እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ግዢውስ እንዴት ነው? እኛ ጋ ያለው ነጋዴ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ ያለው ወረዳ ከተማ ነው፤ ሁለት ደርዘን ጠመኔ ሊገዛ የሄደ ሰው አበሉ ከጠመኔው ይበልጣል።

ጡረተኛ_ኦዲተር
ለዚህ ነው ዓመቱን ሙሉ በቁጥቁጥ መግዛት የማይጠቅመው። ዕቅዱን በዓመት ሁለት ግዢ አድርጉት፦ አንዱ መስከረም ሳይገባ፣ አንዱ ጥር ላይ። ከሦስት ነጋዴ በየፖስታው ዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቡ፤ ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ የተሞሉ ፕሮፎርማዎች ስንት ጊዜ እንደሚመጡ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ዝርዝሩ ላይ የዕቃውን ዓይነት በግልጽ ጻፉ፤ "ወረቀት" ካላችሁ በጣም ቀጭኑን ይዞ የሚመጣው ያሸንፋል፣ ማባዣው ውስጥም ይቀረቀራል። "ኤ4፣ 80 ግራም" ይባል። ግዢውን ከተፈቀደው የግዢ መጠን ጣሪያ በታች ለማድረግ መቆራረስ ክልክል ነው፤ በአንድ ሳምንት ከአንድ ሱቅ የወጡ ሦስት ደረሰኞች ራሳቸው ይናገራሉ።

ድንጋይ፣ አሸዋ፣ የጉልበት ሥራ ከቀበሌው ሲገዛ ደረሰኝ ከሌለ የሻጩ ሙሉ ስም፣ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር፣ የሥራው መጠን በሜትር ኩብ ወይም በቀን፣ የነጠላ ዋጋ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሁለት የወመህ አባላት ምስክርነት ያለው ወረቀት ይዘጋጅ። ቅድመ ግብር ተቀናሽ ይነካዋል ወይ የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት ከወረዳ ገቢዎች ጠይቁ፤ መነሻውና መቶኛው ይሻሻላል።

ቆላ_ዓባይ
ወረዳው ደጋግሞ የሚያነሣው ሌላው ሐሳብ ማዋሐድ ነው። "180 ተማሪ ለብቻው ምን ያደርጋል፣ ከጎረቤት ቀበሌው ጋር ይዋሐድ።" ምን ትላላችሁ?

ጉድኝት_ሱፐር
ካርታ ላይ አራት ኪሎ ሜትር የሆነው ቦታ መሐሉ ላይ እንደ ሙጋ ወይም ጨሞጋ ያለ ወንዝ ካለ ክረምት ላይ መንገድ አይደለም። የ1ኛ ክፍል ልጅ ሰኔ ላይ አያልፈውም፤ መስከረምም አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ መዋሐድ ካለበት ከ5ኛና 6ኛ ይጀመር፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ባለበት ይቅር። እንዲህ ሲሆን የሚለቀቁት ሁለት መምህራን ናቸው፤ ወረዳው የሚቆጥበው ደመወዝ ይህ ነው፤ በአንጻሩ ተቀባዩ ት/ቤት በክፍል 50 የሚለውን ስታንዳርድ አልፎ ሴክሽን ከከፈለ ቁጠባው ዜሮ ነው። ተቀባዩ ጋ በ5ኛ ክፍል 25 ልጅ ካለ የእኛ 30 ሲጨመር 55 ነው። አንድ ሴክሽን በ55 ለመያዝ ካልተስማሙ ሁለት ሴክሽን፣ ሁለት መምህር። ወረዳው ይህን ሳይሠራ ነው ብዙ ጊዜ የሚወስነው።

ጮቄ_ርመ
ይህን ስሌት በደብዳቤ አድርጎ ማቅረብ ከልመና ይሻላል፤ ተቀበልኩ።

የዓመት መዝጊያውን የሚያውቅ ቢጨምርልን። ሰኔ 30 ላይ የሚቀረው ገንዘብ ምን ይሆናል?

ፑል_ቤት
ሁለት ዓይነት ገንዘብ ነው፤ አትቀላቅሉት። ከመንግሥት ግምጃ ቤት የተመደበው ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ይመለሳል። ዕቃው እስከ ሰኔ 30 ገብቶ ሞዴል 19 የተቆረጠለት ግን ክፍያው በችሮታ ጊዜ (ከሰኔ 30 በኋላ ለክፍያ በሚሰጠው ጊዜ) ሊፈጸም ይችላል። ዕቃው ሳይገባ ደረሰኝ ብቻ ማምጣት የሐሰት ሰነድ ነው። የውስጥ ገቢ በት/ቤቱ ሒሳብ ስለሆነ ይዞራል፤ በአዲሱ ዓመት ዕቅድ ውስጥ ግን በቦርዱ ዳግም መጽደቅ አለበት።

ትንሽ ት/ቤት የሚጠቀምበት ቀዳዳ እዚህ አለ። ወረዳው በጀት የያዘባቸው ክፍት መደቦች ዓመቱን ሙሉ ሳይሞሉ ይቀራሉ፤ በ6111 የሚተርፍ ገንዘብ ይኖራል። ከመደበኛ ወደ መደበኛ በፈቃድ ይዘዋወራል፤ ከካፒታል ወደ መደበኛ ግን አይሆንም። የዝውውር ጥያቄ የሚያዋጣው በሦስተኛው ሩብ ዓመት ማብቂያ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። ግንቦት ካለፈ ፋይናንስ ጽ/ቤቱ የሚያስበው ስለ መዝጊያ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት መስከረም የሚሆነውን ጠመኔና ወረቀት በዚያ ገንዘብ ገዝታችሁ ግንቦት ላይ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ ት/ቤት አስገቡት። ሐምሌ 1 የሚለቀቅ በጀት ለሰከላና ለቢቡኝ ደጋ በእጅ የሚደርሰው ጭቃው ከደረቀ በኋላ ነው።

ዳሞቴ_ወመህ
አንድ የቀረኝ። የወመህ ሰብሳቢው ተቀይሯል፤ ባንኩ አሮጌው ካልመጣ አላንቀሳቅስም አለ። አሮጌው ሰው አካባቢውን ለቆ ሄዷል።

ጡረተኛ_ኦዲተር
አዲሱ ሰብሳቢ የተመረጠበት ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ጽ/ቤቱ "የቀድሞው ፊርማ ይሰረዝ፣ የአዲሱ ይተካ" የሚል ደብዳቤ፣ የአዲሱ ሰው መታወቂያና ፎቶ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በአካል ይቅረቡ። ደብዳቤው ላይ የሒሳቡ ቁጥርና የት/ቤቱ ስም ባንኩ በያዘው አጻጻፍ ልክ ይሁን፤ "ቅዱስ" እና "ቅ/" የሚለው ልዩነት ብቻ ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ርዕሰ መምህርና ሰብሳቢ በአንድ ወር አትቀይሩ፤ ሁለቱም ፊርማ ከጠፋ ሒሳቡ እስኪከፈት ድጎማው ቢገባም ማውጣት አይቻልም።